ጋሽ ኮድ ያላየው ቅጠል

ከጉምሩኩ በር ፊት ለፊት፣ ፎቶ ኮፒ ቤቱ አጠገብ፣ ደረጃ ሥር የተወሸቀች አንዲት ጠባብ ቢሮ ነበረች። ሁለት ባለጉዳይ ከገባ ሦስተኛው በሩን ተደግፎ ይቆማል። የቢሮዋን ባለቤት በመዝገብ ስሙ የሚጠራው መንግሥት ብቻ ነው፤ የቀረው ሰው ሁሉ፣ ከጫኝና አውራጁ እስከ ትልልቁ አስመጪ፣ ጋሽ ኮድ ይለዋል።

ጋሽ ኮድ ትራንዚተር ነው፤ ነጋዴ ከውጭ ያስመጣውን ዕቃ ጉዳዩን ጨርሶ ከጉምሩክ የሚያወጣ። ሥራው ለማያውቀው ቀላል ይመስላል። ይህ ዕቃ ምንድን ነው ተብሎ ይጠየቃል፣ ይህ ነው ብሎ ይመልሳል፣ አለቀ። ግን አንድ ተራ ቅጠል እንኳ ስንት ቤት አለው! በሽቦና በሙጫ የተገጣጠመ የፕላስቲክ ቅጠል በቀረጥ መጽሐፉ ምዕራፍ ስድሳ ሰባት ይገባል። ያንኑ ቅጠል ከሸክላ አንድ ወጥ አድርገው ቢጋግሩት ሌላ ምዕራፍ ይጠራዋል። ከዛፍ የተቆረጠ ከሆነ ደግሞ፣ ቢደርቅም፣ ቀለም ቢነከርም፣ ወደ ኋላ ተመልሶ ስድስተኛው ምዕራፍ ነው፤ ከነአበባው፣ ከነችግኙ ጋር። እያንዳንዱ የራሱ ቀረጥ፣ የራሱ ፈቃድ፣ የራሱ መዘዝ አለው። ጋሽ ኮድ ይህን ሁሉ ከነኮድ ቁጥሩ መጽሐፍ ሳይገልጥ ይለዋል፤ ስሙም ከዚያ የወጣ ነው። ለቅሶ ቤት ተቀምጦ እንኳ ዓይኑ የአበባ ጉንጉን ላይ ካረፈ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል።

«እኔስ ስንተኛ ምዕራፍ ነኝ?» ትለው ነበር ሚስቱ፣ ገና በጎጆ መውጫቸው ጊዜ።

«አንቺማ ከቀረጥ ነፃ ነሽ።»

«ለዚህ ነዋ ዞር ብለህ የማትፈትሸኝ!»

እንዲህ እየተባባሉ አርጅተዋል። አንዲት ሴት ልጅ አለቻቸው። ሠላሳ ዓመት ካለፋት በኋላም ሚጣ ነው የሚሏት።

ችግሩ የጀመረው ወደ ቢሮው ከሚያስወርዱት ሁለት ሦስት ደረጃዎች ነው። ጋሽ ኮድ ሃያ ዓመት የወረደውን ደረጃ መሳት ጀመረ። ቀጥሎ ሰው ትከሻ ይገጨው ጀመር፤ «ሰውየው ኮራ እኮ» አሉ። ከጎኑ ሰላም ሲሉት ዝም ብሎ ስለሚያልፍ ነው። አንድ ቀን ስብሰባ አለብኝ ብሎ ከቤት ወጥቶ ዓይን ሐኪም ዘንድ ሄደ። የዓይን ግፊት ነው አሉት። ከዳር ከዳር እየበላ ገብቶ የቀረው መሃሉ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን መደብዘዝ ጀምሯል።

«የጠፋው አይመለስም» አለው ሐኪሙ፣ በደረቁ። «ይህን ጠብታ ጠዋትና ማታ ካደረጉ የቀረውን እናቆየው ይሆናል። ለምን እስካሁን ቆዩ?»

ለምን እንደቆየ እሱ ራሱ አያውቅም። ውሃ ሲወስድ አሳስቆ አሳስቆ ነው። ጠብታውን የቢሮ መሳቢያው ውስጥ ከተተው፤ ትዝ ሲለው ያደርገዋል፣ ሰው ከመጣ ይተወዋል። ለሚስቱ አልነገራትም። ለሚጣም አልነገራትም። ዓይኑ የማያይ ትራንዚተር ማን ዕቃውን ያምነዋል? ከዚያ በኋላ ዓመት ሙሉ መነጽሩን የረሳ ሰው ሆነ። «መነጽሬን ቤት ጥዬው ነው፤ እስቲ አንብብልኝ» ይላል ባለጉዳዩን። ጨርቅ ሲመጣለት በጣቱ ያሸዋል፣ ቆዳ ሲመጣለት ያሸተዋል፣ የቀረውን ከለመደው ይገምታል። ግምቱ ደግሞ ልክ ይሆንለታል። ያ ነው የጎዳው። አንዴ እንኳ ቢስት ኖሮ ያቆም ነበር ይሆናል።

ሚጣ ዲኮር ሠሪ ናት። የአዳራሽ፣ የሆቴል፣ የቢሮ ግድግዳ ታስጌጣለች። ዕድሜዋን ያሳለፈችው ለሰው ተቀጥራ ነው፤ አንዲት ኃይለኛ አለቃ ነበረቻት፣ ሚጣ የሠራችውን ሁሉ «እኔ ነኝ የሠራሁት» ብላ የምታስመርቅ። በመጨረሻ መረራትና ወጣች። ያጠራቀመችውን ሁሉ አውጥታ አንድ ጋራዥ የሚያክል ክፍል ተከራየች፤ መሰላልና መሰርሰሪያ ገዛች። ብዙም ሳትቆይ ትልቅ ሥራ ቀናት። አዲስ የተሠራ ሆስፒታል የመግቢያ አዳራሹን አንዱን ግድግዳ ከወለል እስከ ጣሪያ በቅጠል ማልበስ ፈለገ። ሕመምተኛ ሲገባ መጀመሪያ አረንጓዴ ነገር ይይ ተብሎ ነው።

ቅጠሉን ከውጭ በስልኳ መርጣ አገኘች፤ አቅራቢው ናሙና ላከላት። ናሙናው በደረሰ ዕለት እራት ሰዓት ላይ እየሮጠች መጣች። ጫማዋን ሳታወልቅ አባቷ እጅ ላይ አስቀመጠችለት።

«አባዬ፣ ስንተኛ ነው? ፈተና ላይ ነህ!»

ጋሽ ኮድ አሸው። ለስላሳ ነው፣ ትንሽ ቅባት ቅባት ይላል። አጠፈው፤ አልተሰበረም፣ ተመልሶ ተዘረጋ። የደረቀ የዛፍ ቅጠል ቢሆን መዳፉ ላይ በተንኮታኮተ ነበር። አፍንጫው አጠገብ አደረገው፤ የእራቱ ሽታ እንጂ ሌላ አልመጣለትም።

«ስድሳ ሰባት ሁለት» አለ። «ፕላስቲክ።»

«በእሳት አትሞክረውም?» አለች ሚስቱ ከወዲያ። «ሁልጊዜ ቤቱን በጭስ ትሞላው የለ እንዴ?»

እውነቷን ነው። እንዲህ ያለ ዕቃ ሲያጋጥመው ጫፉን ቆርጦ ክብሪት ይለኩስበታል። ፕላስቲክ ከሆነ ይቀልጥና ጥቁር እንባ ያንጠባጥባል፤ ተክል ከሆነ አመድ ይሆናል። ይህን ሙከራ ስንት ወጣት አስተምሮበታል! ባለፈው ሰሞን ግን ቢሮው ውስጥ ብቻውን ሆኖ አንዲት የአበባ ናሙና ሲሞክር ነበልባሉን አበባው ላይ ያደረገ መስሎት በገዛ ጣቱ ላይ ያዘው። ቤት ሲገባ ሻይ ነው ያቃጠለኝ አለ። አሁን ሚስቱና ልጁ እያዩት ክብሪት ለኩሶ ቢስት? ጣቱ ላይ ያለው ቁስል ገና አልሻረም።

«ለዚህች ክብሪት አላባክንም» አለ።

ሚጣ ስልኳን እያየች፣ «እዚህ ላይ ግን ‹ተጠብቆ የቆየ ቅጠል› የሚል ነገር አለ። ምን ማለት ነው?» አለችው።

«ነጋዴ ለዕቃው የማያወጣለት ስም አለ? ነገ የገነት ቅጠል ነው ይልሻል።»

ሳቀች። «በቃ፣ አንተ ካልክ አልቋል» ብላ ለመብላት እጇን ልትታጠብ ሄደች።

ኮንቴይነሩ ሲደርስ ዲክላራሲዮኑን፣ ዕቃው ምን እንደሆነ ለጉምሩክ የሚገለጽበትን ቅጽ፣ ጋሽ ኮድ ራሱ ሞላው፦ ሰው ሠራሽ ቅጠል፣ ከፕላስቲክ የተሠራ። ዕጣው ቀይ ወጣበት፤ ተከፍቶ ይፈተሽ ማለት ነው። ምንም አልመሰለው። እንዲያውም ሚጣ የመጀመሪያ ዕቃዋ ሲከፈት ትይ ብሎ ይዟት ሄደ። አዲስ ቀሚስ ለብሳ መጣች፤ በዚያ አቧራ ላይ!

ለፍተሻ የመጣችው የታሪፍ ባለሙያ ለጋሽ ኮድ ባዕድ አይደለችም። ገና ከትምህርት ቤት እንደወጣች እሱ ቢሮ ነው ሥራ የለመደችው፤ ያንን የክብሪት ሙከራ ያሳያት እሱ ነው። እንዳየችው ከወገቧ ዝቅ ብላ ሰላም አለችው። «ጋሼ፣ ዛሬ እንኳ ከእርስዎ ጋር አልደክምም» አለች። ተሳሳቁ። ማኅተሙ ተቆረጠ፣ ሁለቱ የብረት በሮች ሲጢጥ እያሉ ተከፈቱ።

ፕላስቲክ የሞላው ኮንቴይነር ሲከፈት የሚመታ ሽታ አለ፤ የአዲስ ጫማ ሳጥን ዓይነት። ጋሽ ኮድ ያንን ነበር የጠበቀው። የመጣው ግን የሣር ሽታ ነው፤ ዝናብ ነክቶት ታምቆ የሰነበተ ድርቆሽ። ሌላው ሰው ገና ምንም ሳያውቅ እሱ ገብቶት ነበር። የኮንቴይነሩን በር ያዘ።

ባለሙያዋ አንዱን ካርቶን ቀድዳ አንድ ዘለላ አወጣች። አገላብጣ አየችው። ከዚያ ወደ እሱ ዘረጋችለት። «ጋሼ፣ እስቲ ይዩት።»

ጋሽ ኮድ እጁን ላከ። ጣቶቹ አየር ጨብጠው ተመለሱ። ቅጠሉ ከእጁ አንድ ጋት ያህል በቀኝ በኩል ነበር። እንደገና ላከ፤ አሁንም ሳተው። በመጨረሻ ባለሙያዋ ራሷ መዳፉን ይዛ አስቀመጠችለት። ሚጣ ጎኑ ቆማ ነበር። ፊቷን አላየውም፤ ትንፋሿ ሲቆም ግን ሰማው።

ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነና ክርክር ጀመረ። ውሃው ወጥቶ በዘይት የተተካ ነው አለ፤ ቀለም ተነክሯል፣ አይበቅልም፣ አይጠወልግም፣ ምኑ ነው ተክል የሚባለው፣ ሰው አይደለም ወይ የሠራው አለ። ድምፁ ከፍ እያለ ሄደ። ጫኝና አውራጆቹ ሳጥናቸውን ይዘው ቆመው ያዩታል። ባለሙያዋ ሳታቋርጠው ሰማችው። ሲጨርስ ላይተር አውጥታ የቅጠሉን ጫፍ ለኮሰችው። አንድም ነገር አልቀለጠም፤ ጭሱ የደረቀ ዛፍ ሸተተ፣ አመዱ መሬት ላይ ረገፈ።

«ጋሼ፣ ያስተማሩን እርስዎ ነዎት» አለችው፣ ቀስ ብላ። «ቀለም ቢቀቡት፣ በዘይት ቢያሹት ተክል ተክል ነው ብለው። ይሄ ስድሳ ሰባት አይገባም። ስድስት ነው።»

ከዚያ ላይተሩን ኪሷ ከተተች። ቀጥሎ የጠየቀችውን መጠየቅ እንዳልፈለገች ያስታውቃል።

«ናሙና አልመጣልዎትም ነበር? ናሙናውን አይተው ፕላስቲክ ብለው ሞልተው ከሆነ፣ ስህተት ነው ብዬ ማለፍ አልችልም።»

ናሙናውን ያየ ትራንዚተር ተክልን ፕላስቲክ ብሎ ከሞላ ሆን ብሎ ነው ይባላል፤ ፈቃዱ ይነጠቃል፣ ስሙም አብሮ ይሄዳል። ይህን ሦስቱም ያውቃሉ። ጋሽ ኮድ አፉን ከፈተ።

«አላየም» አለች ሚጣ።

ባለሙያዋ ወደ እሷ ዞረች።

«ናሙናው የመጣው ለኔ ነው። ፕላስቲክ ነው ብዬ የነገርኩት እኔ ነኝ። አባዬ አላየም።»

ቃሉ አንድ ነው፤ ለጋሽ ኮድ ግን በሁለት በኩል ገባው። «አይቻለሁ፤ በእጄ ይዤዋለሁ» ለማለት አንዲት ትንፋሽ ትበቃው ነበር። አላለም። ለልጁ አስቦ ቢሆን እንኳ አንድ ነገር ነው፤ ዝም ያለው ፈርቶ ነው። የዚያን ጊዜ ፍርሃቱን ኋላ ብዙ ጊዜ መረመረው፤ ምንም የሚያምር ነገር አላገኘበትም።

የቀረው በየተራው መጣ። ተክል ከሆነ ከመጫኑ በፊት ካገሩ የጤና ምስክር ሊኖረው ይገባል፤ የለውም። የዕፅዋት ተቆጣጣሪው መጥቶ የታችኞቹን ካርቶኖች ሲከፍት እርጥበት ገብቶ ሻግተው አገኛቸው። ይወገድ አለ። አቅራቢው ስልኩን ማንሳት ተወ። ሚጣ አስመጪ ሆና የተመዘገበችበት ፈቃድ በሐሰት መረጃ ታገደ።

ቅጠሉ በተቃጠለበት ቀን ባለንብረቱ መገኘት አለበት ተብሎ ሚጣ ሄደች። ጋሽ ኮድ ባለጉዳይ አለብኝ ብሎ ቢሮው ተቀመጠ። ማንም አልነበረበትም። ማታ ቤት ስትገባ ጭስ ጭስ ትሸታለች። እናቷ ውሃ አሞቀችላትና ፀጉሯን አጠበችላት፤ ጋሽ ኮድ ከመታጠቢያው ቤት የውሃውን ድምፅ ሰማ።

ሆስፒታሉ መጠበቅ አልቻለም። ግድግዳውን ለዚያችው ለድሮዋ አለቃ ሰጣት። ሚጣ የተከራየችውን ክፍል አስረክባ፣ መሰላሏን ሸጣ፣ አንገቷን ደፍታ እዚያችው ሴትዮ ዘንድ ተመልሳ ገባች። ሌላ ማን ይቀጥራታል? በዚያ ግድግዳ ላይ፣ እሷ በነደፈችው ንድፍ፣ የሌላ ሰው የፕላስቲክ ቅጠል በገዛ እጇ ሰቀለች። አለቃዋ በምረቃው ቀን «እኔ ነኝ የሠራሁት» አለች አሉ።

ይህን የሰማ ዕለት ጋሽ ኮድ ባለሙያዋ ቢሮ ሄደ። ናሙናውን ማየቱን፣ በእጁ መያዙን፣ ስድሳ ሰባት ሁለት ማለቱን ነገራት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው። እሷም እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ጋሼ፣ አሁን ይህን ብጽፍ ልጅዎ ዋሽታለች ማለት ነው። የምጽፈው ሁለታችሁንም ነው።»

«እኔን ብቻ ጻፊኝ።»

«እንደሱ ተብሎ አይጻፍም።» ትንሽ ቆየችና፣ «ዓይንዎን ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለችው።

ተነሥቶ በሩን ፈለገ። ሲወጣ የበሩ መቃን ግንባሩን መታው፤ ከኋላው ወንበሯን ገፍታ ስትነሣ ሰማና እንዳትደርስበት ተጣደፈ። በዚያው ሳምንት ፈቃዱን መለሰ፤ የራሱንም ቢሮ ዘጋ። ሰዉ ጡረታ የወጣ መሰለው። አንዳንዱ እየደወለ «ጋሼ፣ ያለ እርስዎ ምን ይዋጠን» ይለዋል። አመሰግናለሁ ብሎ ይዘጋል።

ለሚስቱም ነገራት፤ ዓይኑን፣ ጠብታውን፣ ክብሪቱን። አልደነገጠችም።

«የማላውቅ መስሎህ ነው? ከብርጭቆው ውጪ ስታፈሰው የከረምከውን ስኳር ማን ይጠርግልህ ነበር?»

«ታዲያ ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«እስክትነግረኝ እየጠበቅሁ ነዋ።»

«ለሚጣስ? ለሷ ለምን አልነገርሻትም?»

ሚስቱ መልስ ነበራት ሁልጊዜ። ዕድሜዋን ሙሉ ማንም ቃል ወርውሮባት ሳትመልስ ቀርታ አታውቅም። ለዚህ ግን ወንበሩ ላይ ተቀመጠችና መሐረቧን ትጠቀልል፣ ትፈታ ጀመር። ያንን ጥያቄ ባይጠይቃት ይሻል ነበር። ከዚያ ወዲህ ቀልዳቸው ሁሉ ተነነ፤ በአንድ ቤት የሚኖሩ ሁለት ጥፋተኞች ሆኑ።

ከሚጣ ጋር ያወሩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሐኪም ቤት ወስዳው እየተመለሱ ነበር። ሐኪሙ መሃሉም እየሄደ ነው ብሏል። ታክሲ ሲጠብቁ ክንዱን ይዛዋለች፤ ግዴታዋን አንድም ቀን አላጓደለችም።

«ሚጣ» አላት። «ያን ዕለት ክብሪት ያልለኮስኩት... »

«ገብቶኛል አባዬ።»

«እሱን ብቻ አይደለም። እዚያ ቦታ ዝም ያልኩት። አንቺ ስትናገሪ ዝም ያልኩት።»

መኪና አለፈ። ሌላም አለፈ።

«እሺ አባዬ» አለች።

ጠበቀ።  «ስደቢኝ እንጂ» አላት። «አንድ ነገር በይኝ።»

«ምን ብዬ?»

ተቆጥታ ወይም አሽሙር ፈልጋ አልነበረም። የምትለውን ፈልጋ ያጣች ሰው ድምፅ ነው። «ታክሲው መጣ፣ እግርህን ከፍ አድርግ» አለችና ደግፋ አስገባችው።

ሚጣ አሁን ከዚህ የለችም። ሩቅ ከተማ ሥራ አግኝታ ሄዳለች፤ የሱቅ መስኮት ታስጌጣለች አሉ። ስትሄድ ጉንጩን ስማዋለች፣ መድኃኒቱ የት እንዳለ አስይዛዋለች፣ ለእናቷ የሐኪሙን ቀጠሮ ደጋግማ ነግራታለች። ማንም ምን አጎደለች አይላትም።

እሑድ እሑድ ትደውላለች። ጋሽ ኮድ ዛሬ የመስኮቱን ብርሃንና የግድግዳውን ጥላ ከመለየት አልፎ አያይም፤ ስልኩን ግን ጭኑ ላይ አድርጎ ስለሚጠብቅ ቀድሞ የሚያነሣው እሱ ነው።

«እንዴት አደርክ አባዬ?»

«ደህና። አንቺስ?»

«ደህና ነኝ።»

የሚላትን ሳምንቱን ሙሉ ሲያዘጋጅ ይከርማል። ስለ ሥራዋ ሊጠይቃት፣ ቤቷ ፀሐይ ያገኝ እንደሆነ ሊጠይቃት፣ ከዚህም ከዚያም ሊያወራት። ጉሮሮውን ሲጠርግ፣ ከወዲያ ማዶ ድምፅዋ ይቀድመዋል።

«እማዬ አለች?»

«አለች፣ አለች፤ ቆይ ልስጥሽ» ይላል። ስልኩን ደረቱ ላይ ይዞ፣ በሌላው እጁ ግድግዳውን እየዳበሰ ሚስቱ ወዳለችበት ክፍል ይሄዳል።